የፊት በርና የጓሮ በር፦ ዶክተር ጄኪልና ሚስተር ሃይድ በፊልም፣ በመጽሐፍና በሮሜ 7 ፊት

መግቢያ

በመርጡለ ማርያም በምናካሂደው የወጣቶች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ሮሜ ምዕራፍ 7ን ለሦስት ሳምንታት አጠናን። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ አንድ ወጣት ሌሎቹ ወጥተው እስኪያልቁ ወንበር ሲደረድር ቆየና ወደ እኔ ቀረበ። «መጋቢ፣ አሁን ገባኝ» አለኝ። «እኔ እኮ ሁለት ሰው ነኝ ማለት ነው።» ምን ማለቱ እንደ ሆነ ስጠይቀው፣ ሚሞሪ ላይ አስጭኖ ያየውን አንድ የድሮ ፊልም ተረከልኝ፦ ቀን ቀን የተከበረ ሐኪም፣ ሌሊት ሌሊት መድኃኒት ጠጥቶ አውሬ የሚሆን ሰው። «ክፉውን የሚሠራው ያኛው ነው እንጂ ሐኪሙ ደግ ሰው ነው። ጳውሎስስ የሚያደርገው እኔ አይደለሁም ይል የለ?» እኔም፣ «ጥሩ ምሳሌ አግኝተሃል፤ አሮጌው ሰውና አዲሱ ሰው እንደዚያ ናቸው» አልሁትና አበረታትቼ ሸኘሁት። ፊቱ ላይ ትልቅ እፎይታ ይነበብ ነበር።

ስምንት ወር ያህል ቆይቶ፣ የወጣቶቹ ገንዘብ ያዥ የነበረው ይኸው ልጅ የኅብረቱን ገንዘብ በስፖርት ውርርድ እንደ ጨረሰው ታወቀ። በኋላ እንደ ነገረኝ፣ በዚያ ምሽት ወንበር ሲደረድር የቆየው ሊናዘዝ ፈልጎ ነበር። እኔ ግን የሚናዘዝበትን በር ዘግቼ የሚሸሸግበትን ከፈትሁለት። ስሙን ሳልጠቅስ ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅዶልኛል።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ራሱን ካነበብሁና ዋና ዋናዎቹን ፊልሞች ከተመለከትሁ በኋላ የመጣ ነው። ብዙዎቻችን በስብከት የምንጠቅሰው ጄኪልና ሃይድ የመጽሐፉ ሳይሆን የፊልሞቹ ነው። ፊልሞቹ «በአንድ አካል ሁለት ሰው አለ» ብለው አስተምረውናል። መጽሐፉ የሚተርከው ግን ስለ አንድ ሰው ነው፤ «እኔ ነኝ» ለማለት እምቢ ስላለ ሰውና ደጁን አክብረው ዝም ስላሉት ወዳጆቹ። በአገልግሎታችን ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1. ታሪኩ የበቀለበት ቤት

ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን በ1850 በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤድንብራ ተወለደ። አባቱ ቶማስ ስቲቨንሰን የመርከብ መብራት ማማዎችን የሚሠራ መሐንዲስና ጽኑ የፕሬስቢቴሪያን አማኝ ነበር። ሕመምተኛ የነበረውን ሕፃን ያሳደገችው ሞግዚት አሊሰን ከኒንግሃም ደግሞ ጥብቅ የካልቪን ትምህርት ተከታይ ስትሆን፣ የመጽሐፍ ቅዱስንና የሰማዕታትን ታሪክ፣ የሲዖልንም አስፈሪነት እየተረከች ታስተኛው ነበር። ስቲቨንሰን ካደገ በኋላ የአባቱን እምነት ተወ፤ ይህም በቤቱ ብርቱ ሐዘን አስከተለ። ነገር ግን በዚያ ቤት የተማረው ጥያቄ አልተወውም።

በሕፃንነቱ ክፍል ውስጥ ዊልያም ብሮዲ የተባለ አናጢ የሠራው ቁም ሣጥን ነበር። ብሮዲ በኤድንብራ የአናጢዎች ማኅበር አለቃ ነበር። አለቃውን «ዲያቆን» ይሉት ስለ ነበር ዲያቆን ብሮዲ ተብሎ ይታወቃል፤ ማዕረጉ ግን የቤተ ክርስቲያን ሳይሆን የሙያ ማኅበር ነው። ቀን የከተማዋን ባለጠጎች በርና ቁልፍ ይሠራል፤ ሌሊት በዚያው በር ገብቶ ይሰርቃል። በ1788 በስቅላት ተቀጣ። ስቲቨንሰን ከወዳጁ ከዊልያም ሄንሊ ጋር ስለዚህ ሰው የመድረክ ተውኔት ጽፏል። በ1885 በእንግሊዝ አገር በቦርንማውዝ ታምሞ ሳለ ጄኪልና ሃይድን ጻፈ፤ መጽሐፉም በጥር ወር 1886 በለንደን ታተመ።

ታሪኩን የምንከታተለው አተርሰን በተባለ የሕግ ጠበቃ ዐይን ነው። አንድ ቀን ከዘመዱ ጋር ሲሄዱ ደወልም ማንኳኪያም በሌለው፣ ቀለሙ በተላላጠ በር ያልፋሉ። ዘመዱም በዚህ በር ያየውን ይነግረዋል፦ ሃይድ የሚባል ሰው በሌሊት አንዲት ትንሽ ልጅ ረግጦ አለፈ፤ ሕዝቡ ይዞ ለቤተሰቧ 100 ፓውንድ እንዲከፍል አስገደደው፤ ሰውየውም በዚህ በር ገብቶ 10 ፓውንድ ወርቅና በአንድ እጅግ የተከበረ ሰው ስም የተፈረመ ቼክ ይዞ ወጣ። አተርሰን ፈራሚው ወዳጁ ዶክተር ሄንሪ ጄኪል መሆኑን ያውቃል። ጄኪል «ብሞት ወይም ብሰወር ንብረቴ ሁሉ ለሃይድ ይሁን» ብሎ የተናዘዘበት ወረቀት በእጁ አለ። ስለዚህ ሃይድ ወዳጁን በአንድ የወጣትነት ጥፋት እያስፈራራ ገንዘብ የሚቀበለው ይመስለዋል። ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ሃይድ ሰር ዳንቨርስ ካሩ የተባሉ ሽማግሌ በበትር ደብድቦ ይገድላል። በመጨረሻ አሽከሩ ፑል ጠበቃውን ይጠራውና በሩን ሰብረው ሲገቡ፣ ሃይድ በጄኪል ልብስ ውስጥ ራሱን ገድሎ ይገኛል። ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን አንባቢው የሚያውቀው ታሪኩ ሊያልቅ ሲል፣ ከሁለት ደብዳቤዎች ነው።

ይህን ልብ እንበል፦ በ1886 መጽሐፉን የገዛ ሰው ምሥጢሩን አያውቅም ነበር። የተቀመጠው በጎረቤት ቦታ፣ ከበሩ ውጭ ነበር።

2. ፊልሞቹ ምን ጨመሩ?

መጽሐፉ ከታተመ በዓመቱ፣ በ1887፣ ቶማስ ራስል ሱሊቫን ወደ መድረክ ተውኔት ለውጦት በአሜሪካ በቦስተን ታየ። ተዋናዩ ሪቻርድ ማንስፊልድ በተመልካች ፊት መልኩንና አቋሙን ሲለውጥ ሕዝቡ ይደነግጥ ነበር። ተውኔቱ በመጽሐፉ የሌለች አንዲት እጮኛ ጨመረ፤ የተገደሉት የካሩ ልጅ አደረጋት። ከ1908 ጀምሮ የተሠሩት ዋና ዋና ፊልሞች ከመጽሐፉ ይልቅ የዚህ ተውኔት ልጆች ናቸው። ታሪኩን ከበሩ ውጭ ሳይሆን ከበሩ ውስጥ ይጀምራሉ። ጥያቄውም «ይህ ሰው ማን ነው?» መሆኑ ቀርቶ «መቼ ይለወጣል?» ሆነ።

እያንዳንዱ ፊልም ደግሞ ለክፋቱ የራሱን ምክንያት ይሰጣል።

በ1920 ጆን ሮበርትሰን ባዘጋጀው ድምፅ አልባ ፊልም ጆን ባሪሞር ጄኪልን ተጫወተ። እዚህ ጄኪል ድሆችን በነጻ የሚያክም ቅዱስ የሚመስል ሰው ነው። የሚያሳስተው የእጮኛው አባት ነው፤ ወደ ጭፈራ ቤት ወስዶ ፈተናን ያሳየዋል። ስለዚህ የኃጢአት ምክንያት ክፉ ባልንጀራ ሆነ። ባሪሞር የመጀመሪያውን ለውጥ ያሳየው በአብዛኛው ፊቱን በማጣመም ብቻ ነው፤ ዛሬም ሲታይ ያስደነግጣል።

በ1931 ሩበን ማሙልያን ባዘጋጀው ፊልም ፍሬድሪክ ማርች ተጫወተ፤ ለዚህም የኦስካር ሽልማትን ከዋላስ ቢሪ ጋር ተጋርቷል። ፊልሙ ሲጀምር ካሜራው የጄኪል ዐይን ነው፤ ኦርጋን ሲመታ እጁን እናያለን፣ ፊቱን የምናየው መስተዋት ፊት ሲቆም ነው። ተመልካቹ ሳያስበው ጄኪልን ሆኖ ይቀመጣል። ፊቱ ካሜራው ሳይቋረጥ የሚለወጠው በባለ ቀለም ኩልና በካሜራው ላይ በሚቀያየሩ የቀለም ማጣሪያዎች ነበር። እዚህ የእጮኛው አባት ሠርጉን ያዘገያል፤ የታፈነ ምኞት ፈንድቶ ይወጣል። ሃይድም ዝንጀሮ መሰለ። እንግዲህ ምክንያቱ የታፈነ ተፈጥሮ ነው።

በ1941 ቪክተር ፍሌሚንግ ያዘጋጀው፣ ስፔንሰር ትሬሲና ኢንግሪድ በርግማን የተጫወቱበት ፊልም ለእኛ ልዩ ትኩረት የሚስብ ነው፤ የሚጀምረው በቤተ ክርስቲያን ነውና። ጳጳሱ ሲሰብኩ፣ በአደጋ ምክንያት አእምሮው የተናወጠ አንድ ምእመን ይሳለቃል፤ ጄኪልም ክፉውን ከደጉ በሕክምና መለየት እንደሚቻል ማሰቡን ያስረዳል። ፊልሙ የሚያልቀው አሽከሩ መዝሙር 23ን ሲጸልይ ነው። በስብከት ተጀምሮ በመዝሙር ይዘጋል፤ በመካከል ግን ኃጢአት ሐኪም የሚያድነው ሕመም ሆኖ ይቀርባል።

በ1960 ቴሬንስ ፊሸር ነገሩን ገለበጠው። የእሱ ጄኪል ጺማም፣ ደብዛዛ ሰው ሲሆን፣ ሃይድ መልከ መልካምና ደስ የሚል ነው። በዚህ አንድ ነጥብ ይህ ፊልም ለ2ኛ ቆሮንቶስ 11፥14 ከሌሎቹ ይቀርባል፤ ክፋት ሁልጊዜ ጥፍር አያበቅልም። በ1963 ጄሪ ሉዊስ ወደ ቀልድ ለወጠው፤ ዓይን አፋሩ መምህር ተበጥብጦ የተሠራ መጠጥ ጠጥቶ ትዕቢተኛ ዘፋኝ ይሆናል። ይህንኑ ኤዲ መርፊ በ1996 ደግሞታል። ወጣቶቻችን የሚያውቁት አረንጓዴው ሃልክም የዚሁ ታሪክ ዘመድ ነው፤ ፈጣሪው ስታን ሊ ጄኪልና ሃይድን እንደ መነሻ ጠቅሷል።

በ1996 እስቴፈን ፍሪርስ ያዘጋጀው «ሜሪ ራይሊ» ከቫለሪ ማርቲን ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። ታሪኩን የምናየው በጄኪል ቤት ሠራተኛ ዐይን ነው፤ በልጅነቷ አባቷ ያሠቃያት፣ ጠባሳዋን የተሸከመች ሴት። ከሁሉም ፊልሞች የጌታው የጓዳ ሕይወት በማን ላይ እንደሚወድቅ የሚጠይቀው ይህ ነው። የዚህን ጥያቄ ክብደት ለመረዳት በየቤታችን የሚያገለግሉትን ልጆች ማሰብ ይበቃናል።

ከእነዚህ ፊልሞች አብዛኞቹ ለሕፃናት አይሆኑም፤ በኅብረት የምናሳይ ከሆነ አስቀድመን እንያቸው።

3. መጽሐፉ ያለው፣ ፊልሞቹ የጣሉት

ሀ) ምክንያቱ ክብር ነው። በመጽሐፉ እጮኛ የለም፤ ሠርግ የሚያዘገይ አባት የለም፤ አሳሳች ባልንጀራም የለም። ጄኪል በመጨረሻው ደብዳቤው እንደሚናገረው የወጣትነቱ ጥፋት ብዙ ሰዎች ያለ እፍረት የሚያወሩት ዓይነት ነበር። እሱ ግን በሕዝብ ፊት ራሱን ከፍ አድርጎ፣ ተከብሮ መታየት ይወድ ነበር፤ ስለዚህ ደበቀው። ሁለት ያደረገው የኃጢአቱ ትልቅነት ሳይሆን የመከበር ጥማቱ ነው። መድኃኒቱንም የፈለገው ከኃጢአት ለመዳን ሳይሆን ሳያፍር ኃጢአት ለመሥራት ነው። የሃይድ ስም በእንግሊዝኛ «መደበቅ» ከሚለው ቃል ጋር በድምፅ አንድ መሆኑ አለምክንያት አይደለም።

ይህ ነጥብ በመጀመሪያ የሚነካው እኛን አገልጋዮችን ነው። ሕዝብ በቆምንበት ሁሉ ይነሣልናል፤ ስንናገር ዝም ይላል። «የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ» የሚለው ተረት የተነገረው ስለ ሌላ ሰው ይመስለናል።

ለ) ጄኪል ደጉ ሰው አይደለም። ሃይድ ክፋት ብቻ ነው፤ ጄኪል ግን ቅይጥ ሆኖ ይቀራል። መድኃኒቱ ክፉውን ለየ እንጂ ደጉን አላነጻም። ጄኪል ራሱ መድኃኒቱ ቅዱስም ሰይጣናዊም እንዳልሆነ፣ በውስጥ የታሰረውን በር ከፍቶ መልቀቅ ብቻ እንደ ሠራ ይጽፋል። በመጽሐፉ ሃይድ ግዙፍ አውሬም አይደለም፤ ከጄኪል ይልቅ አጭርና ወጣት ነው፣ የጄኪል ልብስ ይሰፋዋል። ያዩት ሁሉ ይጸየፉታል፤ የቱ ላይ እንደ ተበላሸ ግን ማንም መናገር አይችልም። ካሜራ ይህን ማሳየት ስለማይችል ጥርስና ፀጉር ጨመረለት፤ በዚህም ክፋት ከሩቅ የሚለይ ሆነ።

የጎጃም ሰው ለዚህ ጥሩ መማሪያ አለው። በቅኔ ውስጥ ኅብር ቃል አንድ ቃል ነው፤ ሰሙና ወርቁ ሁለት ፍቺ ናቸው። ሁለቱን ፍቺ ያየ ሰው ቃሉ ሁለት ነው አይልም። ጄኪልም እንደዚሁ ነው፤ የጎዳናው ትልቅ በርና የጓሮው የተላላጠ በር የአንድ ቤት በሮች ናቸው።

ሐ) የመናፈሻው ወንበር። ከካሩ ግድያ በኋላ ጄኪል ሃይድን ትቶ ለወራት መልካም ሥራ ይሠራል። አንድ ፀሐያማ ቀን በሪጀንትስ ፓርክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ራሱን ከሰዎች ጋር ያወዳድራል፤ የእሱን በጎ ሥራ ከሌሎች ግድ የለሽነት ጋር እያመዛዘነ ይደሰታል። በዚያች ቅጽበት፣ ምንም ሳይጠጣ፣ ሃይድ ይሆናል። በሉቃስ 18 ሊጸልይ የወጣውን ፈሪሳዊ ያስታውሰናል። በ1931ዱ ፊልም ግን በዚያው ወንበር ላይ ጄኪል የሚለወጠው ድመት ወፍ ስትይዝ አይቶ ነው። ትዕቢቱ ተወገደና ከውጭ የመጣ ምክንያት ተተካ። ስለ ቅድስና የምናስተምር ሁሉ ይህን የመጽሐፉን ገጽ ልናስበው ይገባል፤ ሰውየውን የጣለው ጭፈራ ቤት ሳይሆን «እኔ ከሌሎች እሻላለሁ» የሚል ሐሳብ ነው።

መ) ዝም ያሉት ወዳጆች። በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ አተርሰን የሰውን ነገር ለሰው መተው እንደሚወድ፣ በቀልድም ቢሆን ራሱን ከቃየን ጋር እያመሳሰለ ይናገራል። ቀልዱ ግን መራራ ነው። ደግ ሰው ነው፣ ወዳጁን ይወዳል፣ ይጠረጥራልም። አንድ ጊዜ ለጄኪል በምሥጢር እንዲነግረው ይለምነዋል፤ ጄኪል እምቢ ሲል ደግሞ ኑዛዜውን ሊያስፈጽምለት ቃል ይገባል። የተረገጠችው ልጅ ነገርም በገንዘብ አለቀ፤ ዘመዱና እሱ ዳግም ስለ ነገሩ ላያወሩ ተስማሙ። «ገበናን መሸፈን» ብለን የምናከብረው ነገር እዚያ መልኩ ይታያል፦ የተጎዳው በካሣ ዝም ይላል፣ የጎዳው ስሙ ይጠበቃል፣ ቀጣዩ ሰው ይገደላል። ፊልሞቹ አተርሰንን ወይ አስወጥተውታል ወይ ዳር አስይዘውታል። እኛ መጋቢዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ ራሳችንን የምናገኘው ግን በመጀመሪያ በእሱ ነው።

4. ጳውሎስ ስንት ነው?

ወደ ወጣቱ ጥያቄ እንመለስ። በሮሜ 7፥17 እና 20 ጳውሎስ የማይወደውን የሚያደርገው እርሱ ሳይሆን በእርሱ የሚኖረው ኃጢአት እንደ ሆነ ይናገራል። ይህ ከጄኪል ንግግር በምን ይለያል?

በምዕራፉ የሚናገረው «እኔ» ማን እንደ ሆነ ቤተ ክርስቲያን ለረጅም ዘመን ተወያይታበታለች። አውግስጢኖስ በመጀመሪያ ከጸጋ በፊት በሕግ ሥር ያለ ሰው ነው ብሎ ነበር፤ ከፔላጊዮስ ተከታዮች ጋር በተከራከረበት ዘመን ግን አማኙ ጳውሎስ ራሱ ነው ወደሚል አሳብ ተሻገረ። ሉተርና ካልቪን ይህን ሁለተኛውን ተከተሉ። አርሚንዮስ ገና ያልታደሰ ሰው ነው አለ። በ1929 ደግሞ ጀርመናዊው ሊቅ ኩመል «እኔ» የንግግር ስልት እንጂ የግል ታሪክ አይደለም ሲል ተከራከረ። በእኛ አብያተ ክርስቲያናትም ከእነዚህ የተለያየውን የምንይዝ አለን። ነገር ግን በየትኛውም ትርጓሜ ሁለት ሰው የለም። የሚወደው «እኔ» ነው፤ የሚያደርገውም «እኔ» ነው። በቁጥር 24 የሚጮኸው አንድ ጎስቋላ ሰው ነው፤ ጩኸቱም «ለዩኝ» ሳይሆን «ማን ያድነኛል» ነው። ጄኪል ግን የፈለገው መለየትን ነበር። በደብዳቤው መጨረሻ አካባቢ ስለ ሃይድ ሲጽፍ «እኔ» ማለት እንደማይችል፣ «እሱ» ማለት ግድ እንደ ሆነበት ይናገራል። የመጽሐፉ ሲዖል ይህ ነው። ጳውሎስ ኃጢአትን እንደ ወራሪ ጠላት ይጠራዋል፤ ኃላፊነቱን ግን አሳልፎ አይሰጥም። ዳዊትም ናታን በምሳሌው ውስጥ ያለው ሰው እርሱ መሆኑን ሲነግረው «ያኛው ዳዊት ነው» አላለም፤ መዝሙር 51 ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «የእኔ» በሚል ቃል የተሞላ ነው።

አሮጌውና አዲሱ ሰው የሚለውን ትምህርትም እንየው። በኤፌሶን 4፥22-24 አሮጌውን አስወግደን አዲሱን እንድንለብስ ከታዘዝን በኋላ የመጀመሪያው ተግባራዊ ትእዛዝ በቁጥር 25 ይገኛል፦ ውሸትን ትቶ ከባልንጀራ ጋር እውነትን መነጋገር። እኔ ለወጣቱ ይህን ትምህርት የሰጠሁት እውነቱን ሳይናገር እንዲሄድ ነበር። አሮጌው ሰው በጓዳ የምናኖረው፣ ዕዳውን የምንጽፍበት ተከራይ አይደለም።

5. «ሰይጣን ነው» ስንል

በአዲስ አበባ መጀመሪያ ከተከፈቱት ሲኒማ ቤቶች አንዱን ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። ጨለማ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ምስል ላየ ሰው አይፈረድበትም። ነገር ግን ሰይጣንን ወደ አንድ ቤት አስገብቶ ደጁን ማለፍ ቀላል ነው።

በርኩስ መንፈስ መያዝ እንዳለ መጽሐፍ ቅዱስ ያስተምራል፤ እናምናለንም። ሆኖም በማርቆስ 5 ያለውን ሰውና ጄኪልን እናወዳድር። የጌርጌሴኖኑ ሰው በመቃብር ስፍራ በግልጽ ይጮኻል፤ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚደብቀው ክብር የለውም። ጄኪል በሩን ቆልፎ፣ ኑዛዜ ጽፎ፣ ቼክ ፈርሞ፣ ልብስ አዘጋጅቶ ነው። ይህ ተይዞ የተጣለ ሰው ሳይሆን ያቀደ ሰው ነው። የሰረቀውን፣ ሴት የደፈረውን፣ ሚስቱን የሚደበድበውን አገልጋይ «መንፈስ ነው» ብለን ጸልየን ብቻ ስንመልሰው፣ ጄኪል ሊቀምመው ያልቻለውን መድኃኒት እንሰጠዋለን። ለቃየን የተነገረውም ቃል (ዘፍጥረት 4፥7) ኃጢአት በደጅ እንደምታደባ፣ እርሱ ግን ሊነግሥባት እንደሚገባ ነው። ኃላፊነቱ ከደጁ ባለቤት አልተነሣም።

በሌላ በኩል፣ የማንነት መከፋፈል እውነተኛ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ወገኖች አሉ። እነርሱን «ጄኪልና ሃይድ» ብሎ መጥራት በደል ነው፤ ጸሎታችን ሳይቋረጥ ወደ ሕክምና ልናደርሳቸው ይገባል።

6. ለአገልግሎታችን

አንደኛ፣ ምሳሌውን ስንጠቀም ከበሩ ውጭ እንጀምር። «በውስጥህ ሃይድ አለ» ከማለት ይልቅ «የጓሮ በርህ ወዴት ይከፈታል? ቁልፉ በማን እጅ ነው?» ብለን እንጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ለኑዛዜ ቦታ እናዘጋጅ። በምሥራቅ ጎጃም ያደግን ሁሉ እያንዳንዱ ቤት የንስሐ አባት እንዳለው እናውቃለን። እኛ ወንጌላውያን መካከለኛው ክርስቶስ ብቻ መሆኑን አስተማርን፤ ልክም ነን። ነገር ግን ያዕቆብ 5፥16 እርስ በርስ መናዘዝን ሲያዝዝ በተግባር ምን ተካን? ብዙውን ጊዜ ምንም። «ሆድ ይፍጀው» የሚለው ያገራችን ብልሃት በአዲሱ ቤታችንም ነገሠ። እያንዳንዱ አገልጋይ፣ መጋቢውም ጭምር፣ በስሙ ጠርቶ «እንዴት ነህ» ብቻ ሳይሆን «ገንዘቡስ? ስልክህስ? ቤትህስ?» ብሎ የሚጠይቀው አንድ የበሰለ ሰው ይኑረው።

ሦስተኛ፣ የተረገጠችውን ልጅ አንርሳ። ክስ በሽማግሌዎች ፊት ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ስማችን ምን ይሆናል?» ከሆነ ቼኩን እየፈረምን ነው። 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥19-20 ሽማግሌን ከሐሰት ክስ ይጠብቃል፤ ያው ክፍል የበደሉትን በሁሉ ፊት መገሠጽን ያዝዛል። ወንጀል የሆነው ነገር ደግሞ የሚታየው በሕግ ፊት እንጂ በእርቅ ሽማግሌ ብቻ አይደለም።

አራተኛ፣ የመመለሻ መንገድ በእጃችን እንዳለ አናስብ። ጄኪል መድኃኒቱን የሚቀምምበት ጨው አለቀበት። አዲስ ቢያስመጣም አልሠራም፤ የመጀመሪያው ጨው የሠራው ባልታወቀ እድፍ ምክንያት ነበረና። «በፈለግሁ ጊዜ እተወዋለሁ» የሚል ሁሉ በዚያ ጨው ይታመናል።

ማጠቃለያ

ፊልሞቹ መጥፎ ሥራዎች አይደሉም፤ የማርችን ፊት ሲለወጥ ያየ አይረሳውም። ግን ሁሉም የሚያስተምሩን ጄኪልን እንድናዝንለትና ሃይድን እንድንፈራው ነው። መጽሐፉ ጄኪልን እንድንፈራው ያደርጋል፦ የተከበረ፣ ለጋስ፣ ወዳጅ የበዛለት፣ አንድ ጊዜም «እኔ ነኝ» ያላለ ሰው። 1ኛ ዮሐንስ 1፥9 ለሚናዘዝ ሰው የተሰጠ ተስፋ ነው፤ የተስፋውም መሠረት የእኛ መለየት ሳይሆን የእግዚአብሔር ታማኝነትና የልጁ ደም ነው። ይህ ደም ባለበት ቤት ሁለት በር አያስፈልግም።

ያ ወጣት ነገሩ ከታወቀ በኋላ በጓደኞቹ ፊት ቆመ። ሊናገር የተዘጋጀበትን ወረቀት አንብቦ ሳይጨርስ አጠፈውና፣ «የወሰድሁት እኔ ነኝ» አለ። እኔም ተነሥቼ፣ ሊነግረኝ በመጣ ጊዜ ሳልጠይቀው የሸኘሁት እኔ እንደ ሆንሁ ተናገርሁ። ገንዘቡን በየወሩ እየመለሰ ነው፤ ገና አላለቀም። የኅብረቱን ገንዘብ አሁን ሁለት ሰዎች አብረው ይቆጥራሉ። እሱም በየሳምንቱ ሐሙስ ስልኩን ይዞ ወደ ቤቴ ይመጣል፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል፣ ሻይ እንጠጣለን፣ ጥያቄዬን እጠይቀዋለሁ። በቅርቡ ደግሞ፣ «እርስዎንስ ማን ይጠይቅዎታል፣ መጋቢ?» አለኝ። ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። አሁን አንድ ሰው አለኝ።